ብሎኬቱን አፍርስ፣ ኮለኑን አትንካ፦ አንዳንድ ሪሜክ ፊልም ለምን ይሳካል፣ ሌላው ለምን ይወድቃል?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ከእኛ ብሎክ ፊት ለፊት አንድ ዲኤስቲቪ ቤት አለ። ከተማው አልቆ የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚጀምርበት አካባቢ ስለሆንን ሲኒማ ቤት የሚባል ነገር ሩቅ ነው። ያለን ይሄ ነው። ኳስ ካለ ኳስ ነው። ኳስ በሌለበት ማታ ባለቤቱ ፍላሹን ይሰካና ፊልም ይከፍታል። ሃያ ብር ከፍለህ፣ ፕላስቲክ ወንበር ስበህ፣ ለውዝህን እየፈለፈልክ ታያለህ። መብራት ካልሄደ እስከ መጨረሻው ታያለህ።

ባለፈው ሐሙስ የተከፈተው የህንዱ «ድሪሽያም» ነበር፤ የሂንዲው፣ በአማርኛ የተተረጎመው። አንድ ሰው ብቻውን አባት፣ ሚስት፣ ልጅና ፖሊስ ሆኖ የሚናገርበት ዓይነት ትርጉም ነው። ሰውየው አልፎ አልፎም «ዛሬስ አለቀለት» እያለ የራሱን አስተያየት ጣል ያደርጋል። አስር ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ከኋላ አንድ ልጅ «ይሄን በታሚል አይቼዋለሁ፤ ይሄ ኮፒው ነው» አለ። ከፊት የተቀመጠው ዞረና «አንተ ያየኸው ነው ኮፒው፤ ኦሪጅናሉ ይሄ ነው» አለው። ክርክሩ ጦፈ። ባለቤቱ «ወይ እዩ፣ ወይ ውጡ፤ ብር አይመለስም» ብሎ ገላገላቸው።

ሁለቱም ተሳስተዋል። የመጀመሪያው «ድሪሽያም» ታሚልም ሂንዲም አይደለም። በ2013 በደቡብ ህንድ፣ በኬረላ ግዛት፣ በማላያላም ቋንቋ የተሠራ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።) ዳይሬክተሩ ጂቱ ጆሴፍ፣ ዋናው ተዋናይ ሞሃንላል ናቸው። በ2014 በካንናዳና በቴሉጉ ተደገመ። ካንናዳ የህንድ ቋንቋ ነው፤ ወንድምህ ያለበት ካናዳ አይደለም። በ2015 ደግሞ በታሚልና በሂንዲ። በ2017 ስሪላንካ በሲንሃላ ሠራችው። በ2019 ቻይና ወሰደችው፤ እዚያም ከአንድ ቢሊዮን ዩዋን በላይ አስገባ።

ሪሜክ የሚባለው እንዲህ ነው፤ የተሠራን ፊልም እንደገና መሥራት። እኔ የገረመኝ ይሄ ነው። አንድ ታሪክ ይህን ያህል ተደጋግሞ በየሄደበት ሰው ያገኛል። ሌላው ደግሞ በትልቅ ስም፣ በትልቅ ብር፣ በሚወደድ ታሪክ ላይ ተሠርቶ በመጀመሪያው ሳምንት ጭጭ ይላል። ለምን?

ነገሩን የገለጠልኝ የፊልም ሰው አይደለም። ዕድሜ ልካቸውን ግንባታ ላይ በፎርማንነት የሠሩ ጎረቤቴ ናቸው። ቁልፍ ተረክቤ የገባሁ ሰሞን ሳሎኑ ጠበበኝና የወጥ ቤቱን ግድግዳ ላፈርስ ተነሳሁ። «ጋሼ፣ እስቲ አንዴ ይዩልኝ» አልኳቸው። ገብተው ግድግዳውን በጣታቸው አንኳኩ። «ይሄ ብሎኬት ነው ልጄ፤ ደስ እንዳለህ አድርገው። ይሄኛው ግን ኮለን ነው። ይሄን ከነካኸው አምስተኛ ፎቅ ያሉት እማማ ከነምጣዳቸው ሳሎንህ ይወርዳሉ።»

ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ይህ ይገባዋል። ቤቶቻችን ሁሉ አንድ ፕላን ናቸው። ግን አንዱ ጋ ስትገባ ጂፕሰሙ፣ ቡፌውና መጋረጃው ቤተ መንግሥት አስመስሎታል። ከሥሩ ያለው ቤት ግድግዳው ገና አልተለሰነም። አንዱ ደግሞ ቦሌ ያየውን ትልቅ ሶፋ ስቱዲዮ ውስጥ አስገብቶ በሩ አልዘጋ ብሎታል። አንድ ፕላን፣ ሺህ ቤት። ሪሜክም እንዲሁ ነው። የሚደግመው ሰው የትኛው ብሎኬት፣ የትኛው ኮለን እንደሆነ አንኳኩቶ ማወቅ አለበት።

«ድሪሽያም»ን እናንኳኳው። አባትየው በትምህርት ብዙ አልገፋም፤ አራተኛ ክፍል ነው ያቋረጠው። ኑሮው የኬብል ቴሌቪዥን ሥራ ነው። ሌሊት ቢሮው ተቀምጦ ፊልም ያያል። አንድ ቀን ቤተሰቡ ላይ ያላሰቡት ከባድ ነገር ይወድቃል። በወዲያኛው በኩል ልጇ የጠፋባት እናት ደግሞ የፖሊስ ባለሥልጣን ናት። ሰውየው ዘመድም ገንዘብም የለውም። ያለው ሕይወቱን ሙሉ ያየው ፊልም ብቻ ነው። ልጆቹን የሚያድነው በዚያ ነው።

ኮለኑ ይሄ ነው። ትንሽ ሰው ከትልቅ ጉልበት ፊት ቆሞ ቤተሰቡን ይሸፍናል። ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ «ምን ፈለግህ?» ሲባል ምላሱ የማይታሰር ሰው የትም አገር ጥቂት ነው። ሰባቱም ፊልሞች ይህን አልነኩትም። ብሎኬቱን ግን እንዳሻቸው አፈረሱት። በኬረላው ፊልም ቤተሰቡ ክርስቲያን ነው፤ በዚያ ቀን የት ነበራችሁ ሲባሉ ሱባኤ ሄደን ነበር ይላሉ። በሂንዲው ቤተሰቡ የጎዋ ሂንዱ ሆኗል፤ የሄዱት የመንፈሳዊ መምህራቸውን ትምህርት ሊሰሙ ነው። በቻይናው ደግሞ ቤተሰቡ ታይላንድ የሚኖር ቻይናዊ ስደተኛ ነው። ሃይማኖቱ፣ ምግቡና አገሩ ተቀየረ። ፍርሃቱ ያው ነው።

አሁን ተቃራኒውን እንይ። በ1960 አልፍሬድ ሂችኮክ «ሳይኮ»ን ሠራ። ጥቁርና ነጭ፣ ወጪው 8 መቶ ሺህ ዶላር ገደማ። ፊልሙ የሚጀምረው ገንዘብ ሰርቃ በምትሸሽ ሴት ነው። ተዋናይዋ የታወቀች ናት። ትኬት የቆረጠው ሁሉ «እሷን እስከ መጨረሻው እንከተላለን» ብሎ ተደላድሎ ተቀምጧል። ሂችኮክ ግን ፊልሙ ግማሽ ሳይደርስ ሻወር ቤት ውስጥ ገደላት። ሰው ደነገጠ። እንዲያውም ዳይሬክተሩ ፊልሙ ከጀመረ በኋላ ማንም ሰው እንዳይገባ ሲኒማ ቤቶቹን አጥብቆ አስጠንቅቆ ነበር።

በ1998 ገስ ቫን ሳንት የሚባል ዳይሬክተር ያንኑ ፊልም ደገመው። መድገም ስል በቀጥታ መድገም ነው። ያው ስክሪፕት፣ ያው ሙዚቃ፣ ካሜራው እንኳ በአብዛኛው ያው ቦታ ላይ ነው የቆመው። የተጨመረው በዋናነት ቀለም ነው። ወጪው ከመጀመሪያው ብዙ እጥፍ ሆነ። ገቢው ግን ወጪውን አልመለሰም። ቫን ሳንት ቀሽም ዳይሬክተር አይደለም። ብሎኬቱን አንድ በአንድ ቆጥሮ ደረደረው። ኮለኑ ግን ድንጋጤው ነበር። በ1998 ያ የሻወር ትዕይንት ምን እንደሆነ ፊልሙን ያላየው ሰው ሳይቀር ያውቃል። ሰው የሚያውቀውን ምስጢር እያንሾካሾክክ ብትነግረው «እሺ፣ ከዚያስ?» ነው የሚልህ።

ስለዚህ «ኦሪጅናሉን አክብሮ ስላልሠራው ወደቀ» የሚለው የተለመደ ትችት ብዙም አያሳምነኝም። ከዚህ በላይ ማክበር ከየት ይመጣል?

የሆንግ ኮንጉን «ኢንፈርናል አፌርስ» ብዙ የፊልም ወዳጅ ያውቀዋል። የ2002 ፊልም ነው። ፖሊስ ወንበዴዎቹ መሀል ሰላይ አስገብቷል። ወንበዴዎቹም ፖሊስ ውስጥ ሰላይ አላቸው። ሁለቱም ወገን «ሰላዩን ፈልጉ» ብሎ ያዛል። ፈላጊውም ተፈላጊውም አንድ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ኮለን በየቀኑ አይገኝም። ማርቲን ስኮርሲዚ በ2006 «ዘ ዲፓርትድ» ብሎ ወደ ቦስተን፣ ወደ አይሪሽ ካቶሊኮች ሰፈር ወሰደው። 101 ደቂቃ የነበረውን 151 አደረገው። ስድብ ጨመረበት፣ አባትና ልጅ ጨመረበት፣ ቤተ ክርስቲያን ጨመረበት። የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብሎ ኦስካር ወሰደ። ስኮርሲዚ ራሱ በዳይሬክተርነት የመጀመሪያ ኦስካሩን ያገኘው በዚህ ፊልም ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ መጨረሻው ነው። (ሃያ ዓመት ያለፈው ፊልም ስለሆነ መናገር ይፈቀድልኝ።) በሆንግ ኮንጉ ፊልም ፖሊስ ውስጥ የተደበቀው የወንበዴ ሰላይ አይሞትም። ይኖራል። የፊልሙ ቻይንኛ ርዕስ ከቡድሂዝም የመጣ ነው፤ ማብቂያ የሌለውን ሲኦል ነው የሚጠራው። ለዚያ ሰው ቅጣቱ መኖር ነው። የቦስተኑ ፊልም ግን በጥይት ይጨርሰዋል። ለዋናው ቻይና ተመልካች ደግሞ ያው የሆንግ ኮንጉ ፊልም ሌላ መጨረሻ ተዘጋጅቶለት ነበር፤ ፖሊስ ይይዘዋል። አንድ ታሪክ፣ ሦስት ፍርድ። እኔ መጨረሻ ማለት ኮለን ይመስለኝ ነበር። ለካ ብሎኬት የሚሆንበት ጊዜም አለ። ቅጣት መኖሩ ነው ኮለኑ። ቅጣቱ ምን እንደሆነ የሚወስነው አገሩ ነው።

አገሩ ብቻ አይደለም፤ ዘመኑም ይወስናል። እናቴ ወጣት ሳለች ፒያሳ ወርዳ «ማዘር ኢንዲያ»ን አይታ ሦስት ቀን እንዳለቀሰች ትናገራለች። ያ ፊልም ሪሜክ መሆኑን ስነግራት አላመነችኝም። ግን ነው። ዳይሬክተሩ መህቡብ ካን በ1940 «አውራት» የሚል ፊልም ሠርቶ ነበር፤ «ሴት» ማለት ነው። በ1957 ራሱ፣ የራሱን ፊልም መልሶ ሠራው። በሁለቱ መሀል ምን ሆነ? በ1947 ህንድ ነፃ ወጣች። ስለ አንዲት ገበሬ እናት የነበረው ታሪክ አሁን ስለ አገር ሆነ። ርዕሱም «ሴት» መባሉ ቀርቶ «እናት ህንድ» ሆነ። ፊልሙ ሲጀምር አሮጊቷ እናት ለመንደሩ የተሠራውን የመስኖ ቦይ ስትመርቅ እናያለን። በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ዘመን ይህ ትዕይንት ይህን ትርጉም ሊይዝ አይችልም ነበር። መህቡብ ካን ፊልሙን የደገመው አዲስ ካሜራ ስለገዛ አልነበረም። የሚናገረው አዲስ ነገር ስለመጣ ነው።

እንግዲህ ወደ «ሾሌይ» እንሂድ፤ እዚህ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። በ1975 የወጣው «ሾሌይ» ራሱ ከውጭ ብዙ የወረሰ ፊልም ነው። በ1954 አኪራ ኩሮሳዋ ጃፓን ውስጥ ሰባት ሳሙራዮች የገበሬ መንደርን ከሽፍታ ሲያድኑ አሳየን። በ1960 አሜሪካኖች ሳሙራዮቹን ሽጉጥ አስታጥቀው ወደ ሜክሲኮ መንደር ወሰዷቸው። «ሾሌይ» ደግሞ ሁለት ሌቦችን ወደ አንድ የህንድ መንደር አመጣና ከሽፍታው ከጋባር ሲንግ ጋር አጋጠማቸው። መንደር፣ ሽፍታ፣ የተቀጠረ ጀግና፤ ኮለኑ ሦስት አገር ዞረ። የትም አልወደቀም።

ከዚያ በ2007 ራም ጎፓል ቫርማ «ሾሌይ»ን ደገመ። መንደሩን ትቶ ወደ ትልቅ ከተማ አመጣው። በ1975 ከጀግኖቹ አንዱ የነበረውን አሚታብ ባቻንን ደግሞ ወንበዴ አደረገው። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ደፋር ነው። ሰው ግን ሳቀበት፤ እስከ ዛሬ ከህንድ መጥፎ ፊልሞች ተርታ ስሙ ይነሳል። በ2015 የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የኦሪጅናሉን መብት ጥሰሃል ብሎ አንድ ሚሊዮን ሩፒ አስከፈለው።

ከተማ ውስጥ ወንበዴ ጠፍቶ አይደለም። ግን የ«ሾሌይ» መንደር ፖሊስ የማይደርስበት ነው። ለዚህ ነው ሁለት ሌቦች መቅጠር ያስፈለገው። ከተማ ስታመጣው ኮለኑን ነቀልክ። ሌላም ነገር አለ። ጋባር ሲንግ ማለት ለተመልካቹ ተዋናዩ አምጃድ ካን ነው። ሳቁ፣ አራማመዱ፣ ንግግሩ ተሸምድዷል። ቦታው ተይዟል።

እኛም እንዲህ ያለ ቦታ አለን። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ለብዙ ሰው ያነበበለት ወጋየሁ ንጋቱ ነው፤ በሬዲዮ፣ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ። የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ታሪክ በሌላ ሰው ድምፅ ስሰማ ጆሮዬ «ይሄ አይደለም» ይለኛል። አዲሱ አንባቢ ጎበዝ ሊሆን ይችላል። ጆሮዬ ግን አይሰማም። በአንጻሩ ትዝታን ተመልከቱ። ማሕሙድ አሕመድ ዘፍኖታል፣ በዛወርቅ አስፋው ዘፍናዋለች፣ ዛሬም ማታ ማታ አንዱ ጀማሪ ይዘፍነዋል። ማንም «ሪሜክ ነው» ብሎ አያውቅም። ቅኝቱ የሁሉ ነው፣ ሐዘኑ የዘፋኙ። ፊልም ይህ ነፃነት የለውም። ፊልም ፊት አለው፤ ፊት ደግሞ ከአእምሮ አይወጣም።

የዛሬ ፊልም ሠሪዎች ያለባቸው ትልቁ ጣጣ ግን ከዚህም ይለያል። ድሮ ሪሜክ የሚያዋጣው ተመልካቹ ኦሪጅናሉን ስላላየው ነበር። ሂንዲ ተናጋሪው ታሚል አይሰማም፤ ስለዚህ ታሪኩ ለእሱ አዲስ ነው። አሁን የደቡብ ህንድ ፊልሞች በሂንዲ ድምፅ ተተርጉመው ዩቲዩብ ላይና ቴሌቪዥን ላይ ይለቀቃሉ። የታሚሉ «ቪክራም ቬዳ» በ2017 ወጣ። የሂንዲው በ2022 በትልልቅ ኮከቦች ተሠርቶ ሲመጣ ሰው ቀድሞ አይቶት ነበር። የተጠበቀውን ያህል አልሄደም። በ2023 የወጣው «ሼህዛዳ» የቴሉጉ ፊልም ሪሜክ ነበር፤ እሱም ያው ዕጣ ገጠመው።

ይህን ለማየት ሙምባይ መሄድ አያስፈልግም። እኛ ሰፈር ፊልም የሚጭነው ልጅ ጋ ሄዳችሁ ፍላሽ ስጡት። «ኦሪጅናሉን ነው ወይስ ሂንዲውን?» ብሎ ይጠይቃችኋል። ሁለቱም እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ አሉ፤ ዋጋቸውም አንድ ነው። እንዲህ ባለ ገበያ ኮፒ ሠርተህ የት ትደበቃለህ?

ነገር ግን «ድሪሽያም 2» አለ፤ ንድፈ ሐሳቤን የሚያበላሽብኝ እሱ ነው። የማላያላሙ በ2021 በቀጥታ ኢንተርኔት ላይ ወጣ። የሂንዲው ከዓመት በላይ ዘግይቶ፣ በ2022 ሲኒማ ቤት ገባ። ሰው ተሰለፈለት። ለምን ይሆን? የእኔ ግምት፣ እስከዚያ ድረስ የሂንዲው ተመልካች የራሱን አባት አግኝቷል። ለእሱ ያ ሰው አጄይ ዴቭጋን ነው። የሞሃንላልን ቢያይም የጎረቤቱን ልጅ ሠርግ እንዳየ ነው የሚቆጥረው። የራሱን ልጅ ሠርግ ሊቀርበት አይፈልግም።

«ተሳካ» ስንልም ምን ማለታችን እንደሆነ መጠየቅ ደግ ነው። የ2019ኙ «ላየን ኪንግ» ከ1 ነጥብ 6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። በብር ካየነው ተሳክቷል፤ ወሬም የለው። ግን አንበሶቹ ቁርጥ እውነተኛ አንበሳ ስለሆኑ ፊታቸው አያዝንም፣ አይስቅም። አባቱ የሞተበት ደቦል ዶሮ የጠፋበት ድመት ይመስላል። ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ስንሄድ አንበሳው እንዲዘፍንልን አንጠብቅም እኮ። የ1994ቱን በካርቱን ያየ ልጅ ዛሬም ያለቅሳል። የ2019ኙን ያየው የእህቴ ልጅ «እንስሶቹ ያምራሉ» አለኝ። በቃ። ሌላ የሚለው የለም።

በሌላ በኩል «ኮዳ» አለ። ከ2014 የፈረንሳይ ፊልም የተወሰደ ነው፤ መስማት በተሳናቸው ቤተሰብ ውስጥ ብቻዋን የምትሰማ ልጅ ታሪክ። በፈረንሳዩ ወላጆቹን የተጫወቱት መስማት የሚችሉ ተዋንያን ነበሩ። በ2021 አሜሪካኖቹ መስማት ለተሳናቸው ተዋንያን ሰጡት። ገበሬውን ቤተሰብ ዓሣ አጥማጅ አደረጉት። ዋናው ለውጥ ግን እጆቹ ናቸው፤ በምልክት ሲጣሉ የእውነት ይጣላሉ። በ2022 የምርጥ ፊልም ኦስካር ወሰደ። እንዲህ ያለ ሪሜክ ደስ ይለኛል። ጥሩ ቤት ውስጥ አንድ የተጣመመ በር አይቶ ያቃናል።

ወደ ራሳችን እንምጣ። የእኛ አገር ተመልካች «ይሄ ከህንድ የተኮረጀ ነው»፣ «ይሄን ከኮሪያ ነው የሰረቁት» ማለት ይወዳል። አንዳንዴ እውነቱን ነው። እኔን ግን መወሰዱ ብዙም አያናድደኝም። አወሳሰዱ ነው የሚያናድደኝ።

የታወቀውን የኮሪያ ታሪክ ውሰዱ፤ ሀብታም ወንድ፣ ድሃ ሴት። ልጁ የትልቅ ካምፓኒ ወራሽ ነው። ካምፓኒውን የመሠረቱት አያቱ ናቸው። ኮሪያ ውስጥ እነዚህ ቤተሰቦች በስም የሚታወቁ ናቸው፤ ተመልካቹ ማንን እያማ እንደሆነ ያውቃል። ታሪኩ ወደ እኛ ሲመጣ ቪላውና መኪናው ይመጣል። ገንዘቡ ከየት መጣ? ፊልሙ አይነግረንም። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን የማይጠይቅ ሰው ደግሞ የለም! ሰው አዲስ መኪና ሲገዛ ብሎኩ በሙሉ ከየት እንዳመጣው ተወያይቶ የሚጨርሰው በአንድ ቡና ነው።

ከዚያ እናትየው ትመጣለች። በኮሪያው ድራማ ፖስታ ሙሉ ብር ጠረጴዛ ላይ ገፋ አድርጋ «ልጄን ተዪው» ትላለች። የእኛም ፊልም ፖስታውን ይገለብጠዋል። እኔ የማውቃት ያገሬ እናት ግን ለጠላቻት ሴት ብር አታባክንም። «የማን ልጅ ነሽ? አገራችሁ የት ነው?» ብላ ነው የምትጀምረው። ከዚያ ሽማግሌ አለ። ሽማግሌው የሚላክበት፣ «እስቲ እንማከር» ተብሎ የሚመለስበት፣ ዳግም የሚላክበት ጊዜ አለ። የዕድር ዳኛው ጣልቃ ይገባሉ። አንድ ፊልም የሚሞላ ድራማ እዚያው ቤታችን ውስጥ ቁጭ ብሎ ሳለ ፖስታ እናስመጣለን።

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ቃል አለው፤ ውርስ ትርጉም። የቲያትር ሰዎቻችን ድሮ የሚያውቁት ሙያ ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሼክስፒርን ሲያመጣ ኦቴሎ በጸጋዬ አማርኛ ቀና፣ ሐምሌት በጸጋዬ አማርኛ ተጠራጠረ። ታዳሚው ስለ ቬኒስና ስለ ዴንማርክ ብዙም ግድ አልነበረውም። ቅናትንና የተቀማ ዙፋንን ግን ከታሪኩ ያውቃቸዋል። የወረስከውን ቤት የኪራይ ቤት አታስመስለውም፤ ምስማርህን ትመታበታለህ።

እስቲ አንድ ጨዋታ እንጫወት። በ2016 ጣሊያን ውስጥ ፓኦሎ ጄኖቬዜ «ፍጹም እንግዶች» የሚል ፊልም ሠራ። ሰባት ጓደኛሞች እራት ላይ ተቀምጠው ስልካቸውን ጠረጴዛ ላይ ያወጣሉ። የሚመጣው መልእክት ሁሉ ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ የሚደወለው ሁሉ በስፒከር ይሰማል። ጊነስ በ2019 ሲቆጥረው 18 ጊዜ ተደግሟል፤ በዓለም ብዙ የተደገመ ፊልም ብሎ መዘገበው። በ2022 በአረብኛ ሲሠራ ግብፅ ውስጥ ክርክሩ ፓርላማ ድረስ ሄደ። ለመሥራትም ርካሽ ነው። አንድ ቤት፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሰባት ስልክ። ኮለኑ ደግሞ ጠንካራ ነው፤ «እኔ አልጫወትም» ያለ ሰው በዚያው ራሱን አጋለጠ።

ቱሉ ዲምቱ እናምጣው። የጓደኛሞች እራት አይሆንም። የፋሲካ ማግስት ነው፤ ዶሮው ተበልቷል፣ ጀበናው ተጥዷል፣ ቤተ ዘመድ ተሰብስቧል። አማች አሉ፤ ስልካቸው ባለ ቁልፍ ናት፣ ግን ከሁሉ የበለጠ የምትጮኸው እሷ ናት። አንዱ ወንድም ሁለት ሲም አለው፤ ለምን ሁለት እንዳስፈለገው ሚስቱ ጠይቃው አታውቅም። የሚነበበው ምን ይሆናል? ጣሊያኖቹ ላይ ትዳር የሚያናጋው የፍቅር መልእክት ነው። እዚህ የቴሌብር መልእክት የባሰ ቤት ያፈርሳል ባይ ነኝ። እቁብ ወጥቶለት ዝም ያለ አለ። ደሞዙ ከጨመረ ዓመት ያለፈው አለ። በድብቅ ለወንድሙ ቆርቆሮ የገዛ፣ ወይ ደግሞ ኮንዶሚኒየሙ በማን ስም እንደሆነ ለሚስቱ ያልነገረ አለ። ጥሪው ሊመጣ ሲል ኔትወርክ ይጠፋል፤ ሁሉም «ተመስገን» ይላል። ብቻ አልጨርሰውም፤ አንድ ፕሮዲዩሰር አንብቦ ይወስድብኛል።

ስለ መውሰድ ካነሳሁ አይቀር፣ ሕጉን በአጭሩ። ሰርጂዮ ሊዮኔ በ1964 የሠራው ዝነኛ የካውቦይ ፊልም የኩሮሳዋን «ዮጂምቦ» ሳይጠይቅ የወሰደ ነበር። ኩሮሳዋ ከሰሰ። በስምምነት የዓለም ገቢውን 15 በመቶ ወሰደ። ያኔ ሊዮኔ አስቀድሞ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ በርካሽ ይገላገል ነበር። እኛ አገር ደግሞ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ (ይሄኛው በእኛው አቆጣጠር ነው) የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 አለ። የሌላውን ሥራ ወደ ሌላ መልክ መቀየር የባለቤቱን ፈቃድ ይጠይቃል። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የራሱ ፊልም ዩቲዩብ ላይ ሲለቀቅበት ነው።

ወደ ሐሙሱ ማታ ልመለስ። ፊልሙ ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ገደማ ሲቀረው ድርግም አለ። መብራት ሄደ። ቤቱ በአንድ ድምፅ «ኧረ በሕግ!» ብሎ ጮኸ። ባለቤቱ ጄኔሬተሩ ቤንዚን እንደሌለው ቀስ ብሎ ተናገረ። ማንም አልወጣም። አንድ በአንድ የስልክ ባትሪ በራ። ከፊት የተቀመጠው፣ መጀመሪያ ላይ የተከራከረው ልጅ፣ ወደ ኋላ ዞረ። «አንተ አይቼዋለሁ አላልክም? በል ንገረና» አለ።

ያኛው ልጅ ተነስቶ ቆመ። አንድ ሁለቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ፖሊሷ ምን አለቻቸው መሰላችሁ? በዚያ ቀን የት ነበራችሁ አለቻቸው። አባትየው ምን አለ? ሐምሌ 19 ቀን ቁልቢ ነበርን አለ።» ሰው ሳቀ። እሱ አልሳቀም። «ስለት ነበረብን አለ። የአውቶቡሱን ትኬት አወጣ። ረዳቷን ጥሯት፣ እሷም ታውቀናለች አለ።» አዲሱን ፖሊስ ጣቢያ እኛ አደባባይ ጋ አመጣው። የኬብሉን ሱቅ እዚሁ ብሎክ ሥር አደረገው። እናትየዋን ፖሊስ ሲሠራት ድምፁን አቀጠነ። ትንሿ ልጅ ስትመረመር ከፊቴ የተቀመጡት ሰውዬ ለውዛቸውን አስቀመጡ።

መብራቱ መጣ። ቴሌቪዥኑ በራ፣ ባለቤቱ ሪሞቱን አነሳ።

«ቆይ» አሉት ሰውየው፤ «እሱ ይጨርስ።»